አመጋገብ፣ የአንጀት ጤና እና ሥር የሰደዱ በሽታዎች

የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብና የደም ሥር ሕመሞች እንዲሁም አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ሥር የሰደዱ በሽታዎች የሚባሉት ለዓመታት ምልክት ሳያሳዩ ቀስ በቀስ ስለሚያድጉና ከታወቁም በኋላ የረጅም ጊዜ ክትትል ስለሚጠይቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ 6 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከፍ ያለ የደም ስኳር እንዳላቸው ተመዝግቧል። በሽታዎቹ በአንድ ምክንያት ብቻ የሚመጡ አይደሉም፤ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የሰውነት ክብደት፣ ትምባሆ፣ አልኮልና የአካል እንቅስቃሴ ማነስ ሁሉም ድርሻ አላቸው። አመጋገብ ግን ሰው በየዕለቱ ሊያስተካክለው ከሚችለው መካከል ዋነኛው ሲሆን፣ ተጽዕኖውን የሚያሳርፈውም በከፊል በአንጀት በኩል ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው መረጃ ምግብና አንጀት ከእነዚህ በሽታዎች ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያብራራ ነው። የምርመራና የመድኃኒት ምትክ ግን አይደለም።

ምግብ በአንጀት ውስጥ

ምግብ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ስኳሩ፣ ስታርቹ፣ ፕሮቲኑና ቅባቱ ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል። የሰው አካል ሊፈጨው የማይችለው የእህል ገለፈት፣ የጥራጥሬ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ግን ሳይለወጥ ወደ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ይህ ክፍል አሰር ወይም ፋይበር ይባላል። ለረጅም ጊዜ እንደ ገለባ የሚታይና ሆድን ከማለስለስ ያለፈ ጥቅም የሌለው ሆኖ ሲቆጠር ቆይቷል፤ እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በትልቁ አንጀት ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። አብዛኞቹ በሽታ አምጪ አይደሉም፤ ምግባቸውም በዋናነት ይኸው አሰር ነው። አሰሩን ሲያብላሉት አነስተኛ የቅባት አሲዶችን ያመነጫሉ። ከእነዚህም አንዱ የሆነው ቡቲሬት የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሚሠሩ ሕዋሳት ዋነኛ የኃይል ምንጭ ሲሆን፣ ግድግዳው እንዲጠነክርና ብግነት እንዲቀንስ ይረዳል። የአንጀት ሕዋሳት በበኩላቸው ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚቀሰቅሱና ለአንጎል የጥጋብ ስሜት የሚያስተላልፉ ሆርሞኖችን ያወጣሉ። አሰር በትንሹ አንጀት ውስጥም ሥራ አለው፤ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ከሐሞት ጋር ተጣብቆ በመውጣት የደም ኮሌስትሮልን ዝቅ ያደርጋል።

አሰር ሲጎድል በትልቁ አንጀት የሚኖሩት የባክቴሪያ ዓይነቶች ቁጥር ይቀንሳል። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያጡ የአንጀቱን ግድግዳ የሚሸፍነውን ልጋግ መብላት ይጀምራሉ፤ ግድግዳውም ለብግነት ይጋለጣል። በሰው ላይ ይህ ሂደት ለስኳር በሽታ ወይም ለውፍረት ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ገና በምርምር ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ስለሆነም «የአንጀት ባክቴሪያን በማስተካከል ስኳርን እናድናለን» የሚሉ ማስታወቂያዎችንና ውድ ዱቄቶችን በጥርጣሬ መመልከት ተገቢ ነው። በአንጻሩ አሰር የበዛበት አመጋገብ ለልብ ሕመም፣ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ለትልቁ አንጀት ካንሰር የመጋለጥ ዕድልን ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል።

የአመጋገብ ለውጥ ያሳየው ውጤት

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። ሃያ ጥቁር አሜሪካውያንና ሃያ የደቡብ አፍሪካ የገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትንና ቅባት ያነሰበትን የአፍሪካ ገጠር ምግብ፣ አፍሪካውያኑ ደግሞ ሥጋና ቅባት የበዛበትን፣ አሰር ያነሰበትን የአሜሪካ ምግብ ተመገቡ። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ በአሜሪካውያኑ አንጀት የቡቲሬት ምርት ጨመረ፣ የብግነት ምልክቶችም ቀነሱ፤ በአፍሪካውያኑ ላይ የታየው ለውጥ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ይህ ማለት በሁለት ሳምንት ካንሰር ይመጣል ወይም ይድናል ማለት አይደለም። አንጀት ለምግብ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ ግን ፈጣን መሆኑን ያረጋግጣል።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ቅርብ የሆነው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 እንዲሁም በ1991 ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ የተገኘ ነው። በደረሱበት ወቅት የስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር። ከዓመታት ቆይታ በኋላ ግን፣ በዕድሜ ገና ወጣት በሆኑትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት በሌላቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር በሽታው በስፋት ታየ። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የዘር ውርስ አልተለወጠም። የተለወጠው ኑሮው ነው፤ በእግር መሄድ ቀነሰ፣ ከጤፍ፣ ከማሽላና ከጥራጥሬ ይልቅ ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ በዛ። ይኸው ለውጥ ዛሬ አገር ሳይለቁ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በሚኖሩ ቤተሰቦች ገበታ ላይ እየታየ በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይሻል።

የአገር ቤት ማዕድ፦ መያዝ የሚገባውና መቀነስ የሚገባው

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰርና 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲያገኝ ይመክራል። አሰሩን በተመለከተ የኢትዮጵያ ባህላዊ ምግብ ጥሩ መነሻ አለው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር ብቻውን ወደ 8 ግራም አሰር ይይዛል። ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ ጎመንና ያልተፈተገ እህል ሁሉም የአሰር ምንጮች ናቸው። ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ በመሆኑ ከነጭ የስንዴ ዱቄት ይበልጣል፤ ግሉተን የተባለውን ፕሮቲን ስለማይዝም ሴሊያክ በተባለው የአንጀት ሕመም ለተያዙ ሰዎች ተስማሚ ነው፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ካልተቀላቀለ።

ስለ እንጀራ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሊጡ የሚቦካው በእርሾ በመሆኑ እንጀራ ለአንጀት ጠቃሚ የሆኑ ሕያው ባክቴሪያዎችን ይሰጣል ይባላል። ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን ባክቴሪያዎቹ በሙቀት ይሞታሉ። የማቡካቱ ጥቅም ሌላ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውንና ብረትና ዚንክ ወደ ደም እንዳይገቡ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን በደንብ የቦካ ሊጥ በችኮላ ከተጋገረው የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሕያው ባክቴሪያ ያለው እርጎ ነው። እርጎው ግን ካልፈላ ወተት ከተዘጋጀ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ወተቱን አፍልቶ ካቀዘቀዙ በኋላ በንጹሕ እርጎ ማርጋት ይመረጣል።

የጎደለው ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ፓፓያና ሙዝ በብዙ ቤቶች የበዓል ወይም የእንግዳ ምግብ ሆነው ቀርተዋል። ጭማቂ ከፍሬው ጋር እኩል አይደለም፤ ሲጨመቅና ሲጠለል አሰሩ ይቀራል፣ ስኳሩ ይጠጣል፤ ብዙ ጊዜም ተጨማሪ ስኳር ይገባበታል።

ጨው የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው አገር አቀፍ ጥናት የኢትዮጵያውያን አማካይ ፍጆታ 8 ግራም ገደማ መሆኑን አመልክቷል። ችግሩ ጨው የሚገባው በወጡ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ይጨመርባቸዋል፤ ወጥ ሲሠራ እንደገና፣ አንዳንዴም ገበታ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው እንዲዘጋጅ ማድረግ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው። የሚቀነሰው መጠኑ እንጂ ዓይነቱ አይደለም፤ እንቅርትን ለመከላከል አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም እንደተጠበቀ ይቀጥላል።

አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል። ይህ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የላይኛው ጣሪያ ተብሎ ከተቀመጠው 50 ግራም ከግማሽ በላይ ሲሆን፣ ሻዩና ቡናው ላይ የሚጨመረው ገና አልተቆጠረም። በክፍል ሙቀት የሚረጋ ዘይት በአመዛኙ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት አለው፤ ፈሳሽ የሱፍ፣ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት በመጠኑ መጠቀም ይሻላል።

የስኳር በሽታ ላለባቸው

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እንጀራ መተው አይጠበቅበትም። ጤፍም ቢሆን ስታርች በመሆኑ ግን መጠኑ ወሳኝ ነው። በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ባለበት ቤት ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ጉርሻ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የታካሚው ድርሻ በራሱ ሳህን ላይ ቢቀርብ፣ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ጥራጥሬ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ቀሪው ሩብ እንጀራ ወይም ሌላ የእህል ምግብ ቢሆን ልኩን ለመጠበቅ ይቀላል። ቤተሰቡ ይህን እንደ ማግለል ሳይሆን እንደ ሕክምናው አካል ሊያየው ይገባል።

ለስኳር በሽታ በስፋት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሆድ መነፋት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። በርካታ ታካሚዎች በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ለማንም ሳይናገሩ ያቆማሉ፤ ወደ ጤና ተቋም የሚመለሱትም ስኳሩ እጅግ ከፍ ካለ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር በመውሰድ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ በመጨመር ወይም ዓይነቱን በመቀየር ችግሩን ማቃለል ስለሚቻል፣ ሕመምተኛው ከማቆሙ በፊት ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል። መድኃኒቱን ለብዙ ዓመታት የወሰዱ ሰዎች የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያጋጥማቸው ስለሚችል እግር ላይ የመደንዘዝ ስሜት ወይም የደም ማነስ ሲታይ መመርመር ያስፈልጋል። ስኳሩ ራሱም ለረጅም ጊዜ ካልተቆጣጠሩት የጨጓራን ነርቮች ይጎዳል፤ ምግብ በጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ቶሎ የመጥገብና የማስመለስ ስሜት ይመጣል።

በዓቢይ ጾም፣ በረመዳንና በሌሎች አጽዋማት ለረጅም ሰዓት ከምግብ መከልከል ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ መድኃኒቶችን ለሚወስዱ ሰዎች አደገኛ ሊሆን ይችላል። የጾም ወቅት ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ከሐኪም ጋር መመካከር፣ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ማስተካከል፣ ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት አስተማሪ ጋርም መነጋገር ይመከራል፤ ለሕመምተኛ የሚደረገው ሃይማኖታዊ ፈቃድ ሁለቱም እምነቶች የሚያውቁት ነው። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም መደናገር ከታየ፣ ወይም የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ጾሙ ወዲያውኑ መፈታት አለበት። ማፍጠሪያውን በጣፋጭና በተጠበሰ ምግብ መጀመርም ስኳሩን በአንድ ጊዜ ያንረዋል።

«ጨጓራ አለብኝ» ሲባል

በኅብረተሰቡ ዘንድ ከደረት በታች ያለ ማቃጠል ሁሉ ጨጓራ ይባላል። ከኋላው ግን የተለያዩ ሕመሞች ሊኖሩ ይችላሉ። ለጨጓራ ቁስለት ሁለቱ ዋና መንስኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አስፒሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያውን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው ያወቁት ሲሆን፣ ለዚህም በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሚጥማጣ፣ በርበሬና ቡና ስሜቱን ሊያባብሱ ይችላሉ እንጂ ቁስለቱን አይፈጥሩም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ለዓመታት በርበሬ ትቶ የወገብ ሕመሙን በዳይክሎፌናክ የሚያስታግስ ሰው ግን ዋናውን መንስኤ በየቀኑ እየዋጠ ነው።

ተልባ አሰር ስላለው ለሆድ ድርቀት ይረዳል፣ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም። ሕክምናው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን ከአሲድ መቀነሻ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት መውሰድ ነው። ስሜቱ በአምስተኛው ቀን ስለተሻለ ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርጋል። ምርመራው በሰገራ የሚሠራ ከሆነ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶችን ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን ደግሞ ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ የወሰደ ሰው ውጤቱ ስለሚዛባ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር አለበት። በደም የሚሠራው ምርመራ ቀድሞ የዳነን ሰውም «አለብህ» ሊል ስለሚችል፣ መዳንን ለማረጋገጥ አያገለግልም።

ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች የሚገድሉት በሽታ አምጪውን ብቻ አይደለም፤ ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎችም ይጠርጋሉ። ለጉንፋንና ለቀላል ተቅማጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ በዚህም ምክንያት ጎጂ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ። በአዋቂ ሰው ላይ የሰገራ ልማድ ተለውጦ ለሳምንታት ከቆየ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ከተገኘም መመርመር ይገባል። ደም ያለበት ሰገራ ኪንታሮት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁኔታዎች

አሰር ለማይበላ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ጥራጥሬ መጀመር የሆድ መነፋትና ቁርጠት ያመጣል። በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመርና ውኃ በበቂ መጠን መጠጣት ይሻላል። ጥራጥሬን አዳሩን ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ መቀቀልም መነፋቱን ይቀንሳል።

የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከላይ የተሰጠውን ምክር እንዳለ መከተል የለባቸውም፤ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲምና ጥራጥሬ የያዙት ፖታሲየም ሊጎዳቸው ስለሚችል ምግባቸው በሐኪም መወሰን አለበት። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱም ጎመንን በድንገት ማብዛት ወይም መተው የለባቸውም። አብሽ የደም ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል ከስኳር መድኃኒት ጋር የሚወስደው ሰው ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርበታል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የደም ግፊትና የደም ስኳር ልኬት በጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች ይሰጣል። ምልክት ባይኖርም አዋቂዎች፣ በተለይም በቤተሰባቸው ውስጥ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለባቸው፣ በየጊዜው ሊለኩ ይገባል። የግፊት ልኬቱ በተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሳይበሉ የተለካው የደም ስኳርም 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ሕክምና ይጀመራል። ለዚህ ምርመራ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይበላ በጠዋት መድረስ ይኖርበታል፤ ንጹሕ ውኃ መጠጣት አይከለከልም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው በቅድሚያ ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ አለባቸው፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ሙሉ ሽፋን ላያገኝ ይችላል። ወደ ክትትል የሚመጣ ታካሚ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ ያለ ትእዛዝ የሚገዛቸውን ማስታገሻዎችና የሚጠቀማቸውን የባህል መድኃኒቶች ጨምሮ፣ ይዞ ቢቀርብ ይመከራል። ያለፉትን ሦስት ቀናት ምን እንደበላ በወረቀት አስፍሮ ወይም በቤት ውስጥ ምግብ የሚያዘጋጀውን ሰው አስከትሎ መምጣትም ይቻላል፤ የአመጋገብ ምክሩ በአብዛኛው ተግባራዊ የሚሆነው በዚያ ሰው እጅ ነው።